እርጥቡ አውድማ

ደስታ ሰውን እንደሚያጃጅል ያላመነ የቆቦውን ኑሀን ይጠይቅ። ኀዘን ቢያንስ ቤት ያስቀምጣል። ደስታ ግን ኑሀን በማለዳ ከአልጋው አንስቶ፣ ብስክሌቱ ላይ አስቀምጦ፣ እስከ ሮቢት ድረስ ወስዶ አዋርዶታል።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው አመሻሽ ነው። የቆቦ ወጣቶች ጥር ላይ ለሚከፈተው የተራራ ብስክሌት ውድድር እየተለማመዱ ነበር። የመጀመሪያው ውድድር ዞብል ተራራ ላይ ነው። አሠልጣኛቸው ብስክሌት ጠጋኙ አብርሃም ሲሆን እሱም ቢሆን ሠልጥኖ አያውቅም፤ ጮክ ብሎ መናገር ስለሚችል ብቻ ነው የመረጡት። ከመሐላቸው አንዲት ሴት አለች፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ራዊያ። ሰፊ ሱሪ ለብሳ፣ ሂጃቧን ከሄልሜቱ ሥር ጠበቅ አድርጋ አስራ አቀበቱን ስትወጣ ያየ ሁሉ ያወራል። አባቷ ሸህ አብዱሰመድ ግን ወሬ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው። «ልጄን የማውቃት እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ወሬኛውም አፉን ይዘጋል።

በዚያ አመሻሽ ሁለቱ ከሌሎቹ ወደኋላ ቀርተው የሆርማትን ወንዝ አሸዋ ብስክሌታቸውን እየገፉ ይሻገሩ ነበር።

«ኑሀ።»

«አቤት።»

«አቀበት ላይ ስንደርስ ለምንድን ነው የምትቀዘቅዘው? ጉልበት አጥተህ እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

ኑሀ ጎማው ላይ ያለውን አሸዋ ሲያይ ቆየ። «ካለፍኩሽ አላይሽማ» አለ በመጨረሻ።

ራዊያ ቆመች። የወንዙ አሸዋ የቀኑን ሙቀት ገና አልተፋም ነበር። ሳታየው፣ የፍሬኑን ሽቦ በጣቷ እየነካካች፣ «እንግዲያው ውድድሩ ሲያልቅ ሽማግሌ ላክ። አባባ እንግዳ ይወዳል» አለችው።

በማግስቱ ኑሀ መሬት አልበቃው አለ። ወደ ሮቢት ሲጋልብ ገበያ የሚወርዱ ግመሎች ጥርጊያውን ሞልተውት አገኘ፤ ታጥፎ በቃርሚያው መሐል ገባ። እዚያ ከአንድ ግራር አጠገብ አዲስ አውድማ ተዘርግቷል። ጤፍ ሊወቃበት ነው። በእበት ተለቅልቆ፣ ገና ሳይደርቅ፣ ክብ ሆኖ ያብለጨልጫል።

የራያ ሰው አውድማ ሲደርስ ጫማውን ያወልቃል። አውድማ ላይ አይፏጭም፣ ክፉ አይናገርም፤ በረካው ይሸሻል። ይህን ኑሀ ከእናቱ ጡት ጋር ጠጥቶታል። ነገር ግን የዚያን ዕለት እንደዚያ ያለ ልስልስ ሜዳ ያየው ዓይኑ አልነበረም፤ ልቡ ነው ያየው። በብስክሌቱ ወጣበት። እህል እንደሚያበራይ በሬ ዳር ዳሩን ዞረ፤ ደግሞም ዞረ። እያፏጨ ነው የዞረው።

አንድ ሰው ከሩቅ ሲጮህ ነው ወደ ልቡ የተመለሰው። ዞር ብሎ ቢያይ ጎማው ልቅልቁን ገሽልጦ አፈሩን አውጥቶታል። ጤፍ ደግሞ ከአፈር ጋር ከተደባለቀ ማን ይለየዋል? ወርዶ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረበት። እሱ ግን አንገቱን ቀብሮ ሸሸ። ቆቦ ሲደርስ የራሱ ልብ መልሶ አጽናናው፤ በቀጥታ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ሄዶ ራዊያን «እንደምን አደርሽ» አላት። እሷም ሳቀች፤ ብስክሌቱንም አየት አደረገችና ወደ ሥራዋ ገባች።

በማግስቱ ራዊያ አብርሃም ብስክሌት መጠገኛ ደጃፍ ለልምምድ የመጣችው በእግሯ ነው። ከኑሀ በቀር ሌሎቹ ገና አልደረሱም።

«ሳይክልሽስ?» አላት አብርሃም።

«አባባ ቆለፈበት።»

ቁጭ ብላ ነገረቻቸው። አባቷ ዘንድሮ ሮቢት የሟች ወንድማቸውን መሬት አርሰዋል። እናቷ ሀሊሜ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወገባቸው እስኪቆረጥ አውድማ ሲለቀልቁ ውለው፣ ገና ሳይደርቅላቸው አንድ ሰው በሳይክል ዞረበት። በዚያ አገር ደግሞ ሳይክል ሲባል ስሟ የሚነሳው የሸህ አብዱሰመድ ልጅ ብቻ ናት።

«‹አመንካት፤ ይኸው በረካህን ረገጠችው› አሉት ወሬኞቹ። አባባ አንድ ቃል አልመለሰላቸውም። እኔንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ እምልለት ነበር» አለች። «ከእንግዲህ ሳይክል የሚነዳ ሰው ደጄን አይርገጥ ብሏል። ውድድሩም ቀረ።»

ኑሀ በእጁ የያዘው መፍቻ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደው። አብርሃም ያንን ያልታወቀ ሰው እየረገመ የጎማ መንፊያ ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገባ። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ኑሀ» አለች ራዊያ ዝግ ብላ፤ «ትናንት ጠዋት በየት በኩል ነበር የመጣኸው?»

የሰው ልጅ አንዳንዴ በሩ ተከፍቶለት በመስኮት ይዘላል። «በአስፋልቱ» አላት ኑሀ።

ትክ ብላ አየችው። ዓይኗ ውስጥ የነበረ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሲጠፋ ታየው።

«በአስፋልቱ» ብላ ደገመችው። ከዚያ ተነስታ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ኑሀ ፈጣን ሆነ። የሚጠብቃት ሰው ስለሌለች ነው አቀበቱን እንደ ፍየል የሚወጣው። አብርሃም «ወላዲቷን! እንዲህ ከነዳህ ዞብልን ትበላዋለህ!» ብሎ ጀርባውን መታ መታ ሲያደርገው ምስጋናው ያቃጥለዋል። ብናዘዝ ደጃቸውን አልረግጥም፤ ዝም ብል ደግሞ ነገሩ ይረሳና ሽማግሌ እልካለሁ፤ እያለ ራሱን ያባብላል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የኑሀ ዝምታ ግን ነቀዘ። እንጀራው ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ ብስክሌቱ ኮርቻ ላይ አብሮት ተቀመጠ። መድኃኒት ቤቱ ባለበት ጎዳና ማለፍ አፍሮ ዙሪያውን ይሄድ ጀመር።

ጁምዓ ቀን መስጊድ ገብቶ ሰልፍ ሲይዝ ትከሻው ከአንድ ሽማግሌ ትከሻ ጋር ገጠመ። ሸህ አብዱሰመድ ናቸው። ሰላቱ ሲያበቃ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው አሰላመቱ። ከዚያም ከወዲያ በኩላቸው የተቀመጠው ጎረቤታቸው ስለ አውድማው ሲጠይቃቸው በለሆሳስ ሲመልሱ ሰማ።

«እኔስ አውድማው አይደለም የከነከነኝ። ልጄን ሳልጠይቅ ፈረድኩባት። ሠርታው እንደሆን አላውቅም፤ ሳትሠራው ከሆነ አላህ አፉ ይበለኝ።»

ኑሀ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። መሬት ግን እንዲህ ያለ ቀን ላይ አትከፈትም።

ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌቱን አብርሃም ዘንድ ጥሎ በእግሩ ወደ ሮቢት ወረደ። ግራሩ ጋ ሲደርስ ጫማውን አወለቀ፤ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ ሄደ። ሴቶቹ አውድማውን እንደ አዲስ እየለቀለቁ፣ ሸህ አብዱሰመድም ዳር ቆመው ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ራዊያ ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ እበት ነክቶታል። ኑሀ ይህን አላሰበም ነበር። እሷ በሌለችበት ሊናገር ነበር ያሰበው።

«ሸህ፣ አፉ ይበሉኝ» አለ ከድንጋዩ ሥር። «አውድማዎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ራዊያ የለችበትም።»

ሴቶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉ ሸህ አብዱሰመድ።

«የከማሉዲን። ኑሀ እባላለሁ።»

«ከብት ሳትነዳ፣ ነዶ ሳትጭን፣ ምን ልትሠራ ወጣህበት?»

ልጅዎ ሽማግሌ ላክ ስላለችኝ ነው አይባል ነገር! «እንዲያው… ደስ ብሎኝ» አለ።

«ደስ ብሎህ?»

«አዎ።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣትና አፏን በእበታም እጇ ሸፈነች። ይህ ደግሞ ሌሎቹን አሳቀ። ኑሀ ፊቱ ጆሮው ድረስ ጋለ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«ሰው ደስ ሲለው ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ ያደርጋል እንጂ የሰው አውድማ ላይ ይዞራል?» አሉ ሸህ።

ሀሊሜ ግን አልሳቀችም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለችው። «ልጄ በሰው አፍ ስትታኘክ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነበርኩ» አለ ኑሀ።

ሸህ አብዱሰመድ ድንጋዩን በራሳቸው እጅ ከማጅራቱ አወረዱለት። «እኔ አፉ ብያለሁ፤ አላህም አፉ ይበልህ» አሉት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ድምፃቸው ተለወጠ። «አንቺ ግን ልጄ፣ ሰው ሁሉ ሲያማሽ ያልሰማሁ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ሰምቼ ፈረድኩብሽ። አፉ በይኝ።»

«አባባ፣ ኧረ ተው!» አለች ራዊያ። እንባዋን የምትጠርግበት ንጹሕ እጅ ስላልነበራት ዝም ብሎ ወረደ።

ኑሀ ማንም ሳያዘው ተንበርክኮ እበት መዛቅ ጀመረ። የሴት ሥራ ነው፤ በመንገድ የሚያልፍ ወንድ ሁሉ ቆም እያለ ሳቀበት። ራዊያ ውሃ ስታፈስ አጠገቡ ደረሰች።

«ራዊያ…»

«የዚያን ዕለት ፍሬንህ ላይ እበት አይቻለሁ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አውድማው የኛ መሆኑን ሲነግሩኝ ወዲያው ነው የገባኝ።»

ኑሀ እጁ በያዘው እበት ላይ ቀረ። «አውቀሽ ነው የጠየቅሽኝ?»

«አውቄ ነው። እንድትነግረኝ።»

«ለአባትሽስ ለምን አልተናገርሽም?»

«ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል ስል» አለች። ባልዲዋን አንስታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አላናገረችውም።

አውድማው እስኪደርቅ፣ በሬዎቹም እስኪገኙ፣ የሸህ አብዱሰመድ ውቂያ ከውድድሩ ዕለት ጋር ገጠመ። የራዊያ ብስክሌት ተለቋል። ኑሀ ለአብርሃም እንደማይወዳደር ነገረው።

«አብደሃል? ዓመቱን ሙሉ የለፋኸው ለምንድን ነው?»

«ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ የምወቃውም እኔ ነኝ» አለ ኑሀ።

የዚያን ዕለት በሬዎቹን ተከትሎ በባዶ እግሩ ሲዞር ዋለ። ከሰዓት በኋላ ራዊያ አቧራ ለብሳ፣ ክርኗ ተልጦ፣ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። ከሴቶች ሦስተኛ ወጥታለች። ሀሊሜ እልልታዋን ስታቀልጠው፣ ሸህ አብዱሰመድ በዚያ ለሚያልፍ ሁሉ «ልጄ ናት!» ይሉ ነበር።

ኑሀ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። «ማሻአላህ» አለ ወደ በሬው።

«አቀበቱ ላይ ዞር ብዬ አየሁ» አለች ራዊያ። «ከኋላዬ ያለህ መስሎኝ። ልማድ ሆኖብኝ።»

ገለባው በነፋስ ይበር ነበር።

«ሽማግሌ አትላክ» አለች።

ኑሀ ይህንን ሲጠብቀው ነበር የሰነበተው። «ገባኝ» አለ።

«አልገባህም። ራስህ ና። ሽማግሌ ‹ልጃችን ሐቀኛ ነው› ሲልልህ ከጓዳ ሆኜ መስማት አልችልም። ዘመዶቼ ፊት ምን እንደሆንክ በራስህ አፍ ተናገር።»

ለራሱ ሚስት የሚጠይቅ ወንድ በራያ ታይቶ አይታወቅም። እሑድ ዕለት ኑሀ አባቱን ከማሉዲንን አስከትሎ ሲገባ አጎቶቿ ተያዩ። አንደኛው «ምነው፣ ሽማግሌ አለቀ እንዴ?» አለ። ከማሉዲን ሐፍረቱ ከልጁ የባሰ ነበር፤ ላቡን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። ኑሀ መቀመጫ ቢሰጡት አልቀመጥም ብሎ ቆመ።

«ራዊያን እንድትሰጡኝ ነው የመጣሁ» አለ። «መጀመሪያ ግን ጥፋቴን ልናገር። የሸህን አውድማ በሳይክል የዞርኩበት እኔ ነኝ። እያፏጨሁ ነው የዞርኩት። ሲጮህብኝ ሸሸሁ። በእሷ ሲፈረድ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ሽማግሌ መላኩ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አጎቶቿ መሬት መሬት ያያሉ። ሸህ አብዱሰመድ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይበቃል ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉት።

ኑሀ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ከመጋረጃው በስተጀርባ የራዊያ ድምፅ መጣ።

«አላለቀም።»

ሀሊሜ «አንቺ ልጅ!» ብላ በሹክሹክታ ስትቆጣት ተሰማ። ኑሀ ቀና አለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለአባቷም፣ ለአላህም ያልተናገረው አንድ ነገር ነበር፤ አውድማው፣ ድንጋዩ፣ ሳቁ ሁሉ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። መጋረጃውን እያየ ተናገረ።

«ራዊያ ራሷ ጠይቃኝ ነበር። በየት መጣህ አለችኝ። ዓይኗን እያየሁ… በአስፋልቱ ነው አልኳት። ዋሸኋት።»

እንባው መጣ፤ አልጠረገውም። ሸህ አብዱሰመድ ኑሀን ብዙ ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መጋረጃው መለሱ።

«ራዊያ» አሉ። «አሁንስ አለቀ?»

መጋረጃው ተገለጠና ራዊያ ወጣች። አጎቶቿን አላየችም፤ አባቷንም አላየችም።

«አለቀ» አለች።