ቀዩ እጀታ

መርማሪዋ አለቃዋን የተቀየመችው ዛሬ አይደለም። ስንት ዓመት ሙሉ፣ እሷ ሬሳው ዘንድ ሳትደርስ እሱ «አደጋ» ብሎ ወስኖ ይጠብቃታል። አምና የአንድ ብረት በያጅ ልጅ ጋሪ ተገልብጦበት ሲሞት፣ ጋሪውን ልየው ብላ ብትሄድ ለቁርጥራጭ ብረት ከተሸጠ በኋላ ደረሰች። ያን ቀን የዋጠችው ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ባልደረቦቿ «ምስማር» ይሏታል፤ አንዴ ከተመታች አትነቀልም ለማለት ነው።

ዛሬም ደወለላት።

«ነይ፤ አደጋ ነው። ቶሎ ዝጊውና እንረፍ።»

ሟቹ ሽውታ የሚሉት ነጂ ነው። ነፋስ በሚያነሳው ትልቅ የጨርቅ ካይት የሚጎተት ባለሦስት ጎማ ጋሪ እየሠራ፣ ደረቁ ሐይቅ ሜዳ ላይ እንደ ጥይት የሚከንፍ ሰው ነበር። ጋሪው ከኋላ ተገልብጦ ቀርቷል። እሱን ግን ካይቱ ከመቀመጫው ነቅሎ እስከ ሽቦ አጥሩ ድረስ ጎትቶታል። ራሱ ወደ አጥሩ ሆኖ በደረቱ ተደፍቷል። ግማሽ ፊቱ የለም፤ ጥርሱ ከጠጠር ጋር ተቀላቅሏል። ማሰሪያው የእጁን አንጓ እስከ አጥንቱ በልቶታል።

የሟች ሚስት የአለቃዋ እህት ናት። አለቃው መሀረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ «አየሽ? ይቅለልልኝ ብሎ የኋላ ጎማዎቹን አክሰል ቆርጦ አጠበበው፤ ተገለበጠ። አለቀ» አለ።

«መገልበጡንስ አየሁ። ለምን ተጎተተ ነው የምለው።»

የሟች ታናሽ ወንድም ወደ ካይቱ ገመዶች ጠቆመ። «አራት ገመድ ነው ያለው እትዬ፤ ሁለት ሁለቱ በአንድ እጀታ፣ ቀዩ እጀታ ለቀኝ እጅ። የላዮቹ ሁለቱ ይጎትታሉ፤ የታቾቹ ሁለቱ ፍሬን ናቸው። አንጓው የሚታሰረው ከፍሬኑ ጋር ነው። እጀታውን ከለቀቀ ፍሬኑ ይያዝና ካይቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዱብ ይላል።»

«አልወደቀማ።»

«እሱ እኮ ነው ግራ የገባኝ።»

«ማነው ያሰረለት?»

«የቀረበ ሰው ነው የሚያስርለት፤ እሱ ዓይኑን ከካይቱ አይነቅልም። ዛሬ እኔ ካይቱን ለማንሳት ከወዲያ ማዶ ነበርኩ። ወይ ሚስቱ ናት ወይ ጋሪውን የሚበይድለት በያጅ፣ ያ አምና ልጁ የሞተበት። ሬሳው ጋ ስደርስም ሁለቱም ቀድመውኛል።»

ምስማር ተንበረከከች። ሌላው ቋጠሮ ሁሉ ተስቦ ድንጋይ ሆኗል። የአንጓዎቹ ማሰሪያ ግን ፍሬኑ ላይ በትክክል ታስሮ ሳለ፣ በጥፍሯ ብትነካው ተፈታ። ውስጡ ደም ነበር። የሚጎትተውን ገመድ ጫፍ አየችው፤ የተጨፈለቀ ቦታ አለው፤ ቆዳም ተጣብቆበታል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የቀኝ እጅ የሆነው ቀዩ እጀታ ከሟቹ ግራ አንጓ ጋር ነበር የታሰረው።

ሜዳው ዳር ባለው የሽውታ ወርክሾፕ ውስጥ ሚስቱ ስፌት መኪናዋ ላይ፣ ካይት ጭኗ ላይ እንደተዘረጋ ተቀምጣለች። ጉንጯ አብጧል።

«ማን መታሽ?»

«እሱ ነዋ። ካይቱን አሳነስሽብኝ ብሎ።»

«ዛሬ ያሰርሽለት አንቺ ነሽ?»

«በያጁ ነው። እኔ ብገድለው በዚህ መቀስ ነበር፤ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።»

በያጁ አንገቱን ደፍቶ ብረት ይሞርዳል።

«እሷ ናት ያሰረችው» አለ።

«አክሰሉንስ ማን አጠበበው?»

«እኔ ሰፊ አድርጌ ነው የበየድኩት። ሰፊ ሲሆን መታጠፊያ ላይ መሬት ይይዛል። እሱ ከኋላዬ በመጋዝ ቆረጠው። የልጄንም እንደዚሁ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«የት ልሂድ?»

ምስማር አለቃዋንም ጠርታ ሁሉንም ሰበሰበች። ወርክሾፑ ውስጥ ያለ ጋሪ ላይ ተቀመጠችና የሌላ ካይት ሁለት እጀታዎች አቀብላ እጆቿን ዘረጋች።

«በተራ እሰሩኝ።»

«ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» አለ አለቃው።

«ይታገሡ።»

ሚስቱ ከኋላ ተንበርክካ በትከሻዋ በኩል አሰረች። ወንድምየውም እንደዚያው። በያጁ ግን ከፊቷ ቆሞ፣ ሳያይ ቀዩን ወደ ራሱ ግራ ሰጠ፤ ቀኝ እጇ ላይ ዐረፈ።

«ሦስታችሁም ልክ ናችሁ» አለችና ሲሚንቶው ላይ በደረቷ ተደፋች። «አሁን በእግሬ በኩል ቆማችሁ እሰሩ።»

ሚስቱም ወንድምየውም ቀዩን በቀኝ አሰሩ። በያጁ ጎንበስ አለ፤ ቀዩን እጀታ እንደለመደው ወደ ራሱ ግራ፣ አሁን ወደ ምስማር ግራ እጅ፣ ወሰደና እጁን አየር ላይ አቆመ። 

ምስማር አቧራዋን እያራገፈች ተነሳች። «ቋጠሮው ውስጥ ደም አለ፤ ስለዚህ የታሰረው ሰውየው ከደማ በኋላ ነው። ቋጠሮው ተስቦ አልጠበቀም፤ ስለዚህ ሸክም አልነካውም። ቆዳው ያለው የሚጎትተው ገመድ ላይ ነው፤ ጠዋት የታሰረው እዚያ ነበር። እጀታውን ሲለቅ ካይቱ እንዳይወድቅ፣ እንዲጎትተው። ከሞተ በኋላ ወደ ፍሬኑ የመለሰው፣ ሰው ፊት ለፊት ማሰር የለመደ እጅ ነው። የተደፋ ሰው ሲያጋጥመው ግራና ቀኙ ተምታታበት።»

«ሲጮህ እየሰማሁ ከሚስቱም ቀድሜ ነው የሮጥኩት» አለ በያጁ። «ላድነው እንዳይመስልሽ፤ ቋጠሮውን ልመልስ ነው። ልጄን ከጋሪው ሥር ስጎትት ገና ይተነፍስ ነበር። ሽውታ ‹ክብደቱን ባያስተካክል ነው› አለኝ። ማን በሕግ ጠየቀው? ማን?»

መዶሻ አፈፍ አድርጎ አለቃው ላይ ዘለለ። መዶሻው ትከሻው ላይ ሲያርፍ አጥንት ጧ አለ። ምስማር ጋሪውን በርግጫ ወደ በያጁ ቅልጥም ላከችው፤ ወደቀ። ወንድምየው ተከመረበት። «ገዳይ! ገዳይ!» እያለ በቡጢ አፉን ሲያደማው፣ ምስማር በአንገቱ ጎትታ አነሳችውና በያጁን በካቴና አሰረችው።

አለቃው ትከሻውን ይዞ ያቃስታል። «ጎበዝ። በይ ውሰጂው። የአምናውን ነገር ግን አታንሺው፤ ቤተሰብ አለበት።»

«ያንን ጋሪ ማነው ያሸጠው?»

አለቃው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እህቱ ካይቱን ከጭኗ ላይ ገፋችው።

«እሱ ነው» አለች። «የተቆረጠው አክሰል እንዳይታይበት ባሌ ለመነው። እዚሁ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

«አንቺ!»

«ምን አንቺ? አንዱ እየመታኝ፣ አንዱ እየሸፈነለት! በቃኝ።»

ምስማር ለወንድምየው «ሐኪም ጥራ» አለችው። ከዚያ የአለቃዋን ሽጉጥ ከወገቡ መዝዛ የስፌት መኪናው ላይ አኖረችው፤ ወንበር ስባም ፊቱ ተቀመጠች።

«እኔን? አለቃሽን?»

«እርስዎን። ሐኪሙ እስኪመጣ ጊዜ አለን። ልጁ የሞተ ዕለት፣ ሽውታ መጥቶ ምን አለዎት?»