ቀይ ክር ያለው ቁልፍ

አባ ናፍጣ የሞቱት ቆመው ነው። አሮጌዋ ጂፕ ከግድግዳው ጋር አጣብቃ ይዛቸው ስለነበር መውደቂያ ቦታ እንኳ አላገኙም። በቀኝ እጃቸው የራዲያተሩን የጎማ ቱቦ እንደጨበጡ ነበሩ። ፊታቸው ላይ የሚነበበው ደግሞ ሕመም ሳይሆን መገረም ነበር። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤንዚን የለመዱ መኪኖችን ሆድ ከፍተው የናፍጣ ሞተር ሲያስገቡ ኖረዋል። እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሌላው ሁሉ አባ ናፍጣ ነው የሚላቸው።

መርማሪዋ ስትደርስ ጋራዡ በጩኸት ተሞልቶ ነበር። ይህችን ሴት ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ እንክርዳዱን ታስቀራለች ለማለት ነው። ስሙን አትጠላውም። የምትጠላው ጩኸት ነበር። የሟች ልጅ ግን የጎማ መፍቻ ጨብጦ በጋራዡ በያጅ ላይ ሊወርድበት ሲታገል፣ ሁለት ፖሊሶች ወገቡን አንቀው ይዘውታል።

«ልቀቁኝ! አባቴን በልቶ ደግሞ ቆሞ ያለቅሳል እንዴ? ደሙን ሳልመልስ እህል በአፌ አይዞርም!»

«እኔ ምን አጠፋሁ?» ይላል በያጁ ጥግ ላይ ተወሽቆ። ከእጁ እሳት ስለማይጠፋ «ብልጭታ» ነው የሚሉት። አሁን ግን የሚንቀጠቀጠው እንደ በረደው ሰው ነበር።

«መፍቻውን አስቀምጥ» አለችው ወንፊት ልጁን፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

«ማን እንደገደለው ይንገሩኝና አስቀምጣለሁ።»

«እነግርሃለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እነግርሃለሁ። እስከዚያ በዚህ ሰውዬ ላይ ብትሰነዝር ግን አባትህን ሁለተኛ ነው የምትቀብረው።»

ልጁ መፍቻውን አላስቀመጠም፤ አወረደው እንጂ። ወንፊትም ገባት። ዛሬ ከተሳሳተች ያ ብረት የአንድ ንጹሕ ሰው አናት ላይ ማረፉ አይቀርም። የብልጭታ ነፍስ በእሷ ዐይን ላይ ተንጠልጥላለች ማለት ነው።

አስከሬኑን መጀመሪያ ያየው ባለመኪናው፣ የጂፗ ባለቤት ነበር። ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ ለመናገር ግን አልተቸገረም።

«ግቢው በር ላይ ቆሜ ስልክ ሳወራ ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። ‹ተሳካላቸው!› አልኩ በሆዴ። ወዲያው ጓ! የሚል ድምፅ መጣ። ሮጬ ስገባ ግድግዳው ላይ ተጣብቀዋል፤ ሞተሩ ይጮሃል። ዘልዬ ጋቢና ገባሁና ቁልፉን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው! አልቆላቸዋል።»

«ጋቢናው ውስጥ ሰው ነበር?»

«ማንም አልነበረም። ኮፈኑን ከፍተው የማስነሻውን ሞተሪኖ በካቻቢቴ ነክተው ያስነሱት ይመስለኛል። መካኒክ ሁሉ ያደርገዋል። መኪናዋ ደግሞ ማርሽ ገብታ ነበር፤ ስትነሳ ዘለለችባቸው። ማርሽ ውስጥ ማን እንደተዋት…» አለና ብልጭታን በዐይኑ ጠቆመ።

ብልጭታ ማርሹን ሲነካካ መዋሉን አልካደም። አዲሱ የናፍጣ ሞተር ከአሮጌው የቤንዚን ሞተር ስለሚረዝም፣ ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ ወለሉን እየነካ አስቸግሯቸው ነበር።

«ዜሮ ላይ መልሼው ነው የወረድኩት፣ እትዬ! በልጆቼ እምላለሁ።»

«ጠዋት ተጣልታችኋል አሉ።»

«የሞተር መቀመጫውን ብየዳ አልወደዱትም። ‹ይሄ ብየዳ ነው የዶሮ ኩስ?› አሉኝ፣ ሰው ፊት! ደሜ ፈላ። ‹ይሄ አፍዎ አንድ ቀን ያስገድልዎታል› አልኳቸው። ምላሴን ይቁረጠው!»

«ከዚያስ?»

«አፍርሼ እንደገና በየድኩት። እውነታቸውን ነበር።»

«ሲሞቱ የት ነበርክ?»

«የብየዳ ኤሌክትሮድ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ሱቁ ተዘግቶ ባዶ እጄን ተመለስኩ።»

«ይኸው! በገዛ አፉ!» አለ ልጁ፣ መፍቻውን እያሻሸ።

ወንፊት ወደ እሱ ዞረች። መንገድ ዳር ባለችው ሱቃቸው መለዋወጫ ይሸጣል፤ ከጋራዡ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው።

«አንተስ ሞተር ሲነሳ ሰማህ?»

«አጠገባችን ያለው ወፍጮ እየዞረ እንኳን ሞተር መድፍ ቢተኮስስ ማን ይሰማል?»

ከዚያ በኋላ ወንፊት ማንንም አልጠየቀችም። ጂፗን ዞረቻት። የወለሉ ሲሚንቶ ውሃ እንዲያወርድ ወደ ግድግዳው ዘመም ብሎ የተሠራ ነው። የእንጨት ታኮዎቹ ከጎማው ሥር የሉም፤ ጥግ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው ተቀምጠዋል። የሚሞት ሰው መቼም ታኮ አይደረድርም! ካቻቢቴ በአካባቢው የለም፤ መሬት ላይም አልወደቀም። ቀጥሎ ከኋላ ተንበረከከች። ብልጭታ በዚያው ሳምንት የሠራው አዲስ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ከመኪናዋ ሥር ብቅ ብሏል። ነጭ መሀረቧን ጣቷ ላይ ጠቅልላ ወደ ውስጥ ሰደደችና አወጣችው። መሀረቡ እንደነጣ ነው።

በሥራ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከነላስቲኩ የተጠቀለለ ረጅም የሽቦ ካቦ አየች። አባቷ የአሮጌ ጭነት መኪና ሹፌር ስለነበሩ፣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። በመጨረሻ ከጂፗ ላይ ቁልፉን ነቀለችው። ራሱ ላይ የደበዘዘ ቀይ ክር ተጠምጥሞበታል።

የአባ ናፍጣ ባለቤት ከጋራዡ ጀርባ ባለው ጓዳ ውስጥ፣ የባላቸውን የሥራ ቱታ ጭናቸው ላይ አጥፈው ተቀምጠዋል። አላለቀሱም። ወንፊት አጠገባቸው ዝቅ አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ። ይህችን ጂፕ ያውቋታል?»

«እንዴት አላውቃት! ዳግመኛ በዚህ በር ስትገባ ሳይ ፊቴን አዙሬ ጓዳ ገባሁ። የዚህ የባለመኪናው ታላቅ ወንድም የሞተባት እኮ ናት፤ ኋላ ነው የተጠገነችው። ፍሬን እምቢ ብላው ከገደል ከተተችው። ሰው ሁሉ ‹አባ ናፍጣ ነው የገደለው፤ ፍሬኑን አበላሽቶ ሰጠው› አለ። ባሌም ዝም አለ።»

«ለምን ዝም አሉ?»

ወንፊት ቁልፉን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። ሴትየዋ ቀዩን ክር ሲያዩ ያን ጊዜ አለቀሱ። ከዚያ በጆሮዋ የነገሯትን ሰምታ ስትወጣ፣ የወንፊት ፊት ከገባችበት ጊዜ ይልቅ ጠቁሮ ነበር።

አስከሬኑ ተነስቶ ጂፗም ወደ ኋላ ከተገፋች በኋላ ብልጭታን ጠራችው። «ጋሽዬው የጀመሩትን ጨርስ። ቱቦውን ግጠም፣ ውሃ ሙላ፣ ከናፍጣው መስመር አየሩን አውጣ። ማርሹን ዜሮ ላይ መልስ፣ ታኮውንም አስገባ። ያችን ካቦ ግን እንዳትነካት።»

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሁሉንም ጂፗ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ልጁ ከነመፍቻው፣ ባለመኪናው እጁን አጣምሮ፣ ሴትየዋ በርጩማ ላይ። ብልጭታ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሳ። ጋራዡ ተንቀጠቀጠ።

«አባ ናፍጣ ይሄን ድምፅ ሳይሰሙ ሄዱ» አለች ወንፊት፣ ከሞተሩ በላይ እየጮኸች። ከዚያ ወደ ባለመኪናው ዞረች። «በል ወንድሜ፣ ግባና አጥፋው። ያኔ እንዳጠፋኸው።»

ሰውዬው ትከሻውን ነቀነቀና ገባ። ቁልፉን ወደ ኋላ አዞረ። ሞተሩ ዱግ ዱግ ማለቱን ቀጠለ። እንደገና አዞረ፤ ምንም የለም። በመጨረሻ ቁልፉን ነቅሎ አወጣው። ቁልፉ በእጁ፣ ሞተሩ በሥራው! እዚያው ተቀምጦ ቀረ።

ወንፊት ለብልጭታ በራሷ ምልክት ሰጠችው። እሱም ከኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብሎ የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለችውን ትንሽ ዘንግ በጣቱ ገፋት። ሞተሩ ጸጥ አለ።

«የቤንዚን ሞተር የሚኖረው በእሳት ብልጭታ ነው» አለች። «ቁልፉን ስታጠፋ ብልጭታው ይቆማል፤ ሞተሩም ይሞታል። አንተ ይህችን መኪና የምታውቃት በቤንዚን ዘመኗ ነው። እንዲህ ያለ የድሮ ናፍጣ ግን አንዴ ከተነሳ ቁልፍ አይሰማም። ናፍጣውን ራሱን ማቋረጥ ነው ያለብህ። የሚያቋርጠው ካቦ ይኸው፣ ገና ከላስቲኩ አልወጣም።»

«እኔ… ደንግጬ ስለነበር… ምናልባት ራሱ ጠፍቶ…»

«ራሱ ጠፋ እንበል። ይሄስ?» ነጩን መሀረብ ከኪሷ አውጥታ ለሁሉም አሳየች። ቀጥላ ማርሚታው ውስጥ ጨምራ አወጣችው፤ ጥላሸት ለብሶ ወጣ። «ቀን ሳስገባው ንጹሕ ነበር። ይህ ሞተር ከተገጠመ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ተነስቶ አያውቅም። ሟቹ በእጃቸው የጨበጡትም ካቻቢቴ ሳይሆን ያልተገጠመ የውሃ ቱቦ ነው። ቱቦ ሳይገጥሙ፣ ውሃ ሳይሞሉ ሞተር ሊያስነሱ? እሳቸው? ስለዚህ ሞተር ሰማሁ ያለው ሰው ዋሽቷል። ሞተር ሰማሁ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ብልጭታ ከኮፈኑ ሥር ቀና አለ። ወንፊት ቀጠለች።

«ወፍጮው እስኪነሳ ጠበቅህ። ብልጭታ ሲወጣ ታኮዎቹን አንስተህ ጥግ ላይ ደረደርካቸው። ማርሹን ዜሮ ላይ አገኘኸው፤ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅከው። ወለሉ ቁልቁል ነው፤ መኪናዋ ያለ ድምፅ ሄደችባቸው። ፊታቸው ላይ የቀረው መገረም ለዚህ ነው። ከዚያ ብልጭታ እንዲጠየቅበት ማርሽ አስገባህ።»

ባለመኪናው ከጋቢናው ወረደ። ፊቱ ተቀየረ፤ የሚፈራ ሰው ፊት አልነበረም።

«አዎ! እኔ ነኝ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ ይረሳል? ወንድሜን ፍሬን አሳጥቶ ገደለው፤ እኔም በዚያችው መኪና ፍሬን ለቅቄ ገደልኩት። ሞተር ቀይርልኝ ያልኩትም ለዚሁ ነው፤ ረጅም ሥራ ነው፣ ቀኔን እስክመርጥ እጁ ላይ ትቆይልኝ ብዬ። ዛሬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!»

ልጁ መፍቻውን አነሳ። ፖሊሶቹ ተንቀሳቀሱ። ከሁሉም ቀድሞ የተሰማው ግን ከበርጩማው የመጣው ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ ያ በእጅህ ያለው ቁልፍ የማን ነው?» አሉ ሴትየዋ።

ባለመኪናው መዳፉን አየ። «የኔ ነው። ድሮ ትርፉ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር የሚቀመጠው። ክሩን ያሰርኩትም እኔ ነኝ።»

«ወንድምህ ሲሞትስ በየትኛው ቁልፍ ነበር የነዳት?»

ባለመኪናው ቀዩን ክር በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ባሌ ፍሬኑን ፈትቶ ገና አልጨረሰም ነበር። ‹አየሩን ሳላወጣ እንዳትነካት› ብሎ ከወንድምህ ቁልፉን ተቀብሎ ነበር፤ እኔ መሀረብ ውስጥ ነው የታሰረው። ያኛውን ቁልፍ እስከ ዛሬ አለኝ። በማግሥቱ ጂፗ ከግቢ የለችም። ገደል ከገባችው ጂፕ ላይ ቁልፉን ያወጣው ባሌ ነው፤ ቀይ ክር ነበረበት። ከመኪናዋ ጋር መልሶ ላከላችሁ።»

«ወንድሜ እኮ ‹ጥገናዋ አልቋል፣ ቁልፉን ጋራዥ ረስቼው ነው› ብሎኝ… ‹ያንተን ስጠኝ› ብሎኝ…» አለ ባለመኪናው።

«‹እናታቸው አንዱን ልጅ ቀብራለች፤ ሁለተኛውን በቁሙ አላስቀብራትም› አለኝ ባሌ። ስድቡንም ሐሜቱንም ውጦ ዝም አለ። ላንተ ብሎ ነው ዝም ያለው።»

ባለመኪናው የዘይት እድፍ ባለበት ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከና ልጁን ቀና ብሎ አየው።

«ምታኝ» አለው። «አባትህ ነው፤ ምታኝ! በፈጠረህ ግደለኝ!»

ልጁ መፍቻውን እንዳነሳ ቆየ። ወንፊት ፖሊሶቹን በእጇ ወደፊት አስጠጋቻቸው፤ አላስፈለገም እንጂ። ልጁ ሄደና መፍቻውን ከካቦው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አልገላግልህም» አለው። «ኑር። ወንድምህንም አባቴንም በገዛ ቁልፍህ እንደበላህ እያወቅህ፣ ዕድሜ ይስጥህና ኑር።»

ከዚያ ወደ ብልጭታ ዞሮ «ይቅር በለኝ» አለና ፊቱን በቱታው እጅጌ ሸፈነ።

ባለመኪናው ካቴና ሲገባለት አልታገለም። ጣቶቹን ብቻ አልዘረጋም። ቁልፉን ከመዳፉ ለማስለቀቅ ሁለት ፖሊስ አስፈለገ።