የሰይዶ አውራ ጣት

የመስቃኑ ገበሬ አቶ ሰይዶ በተኛበት የሆስፒታል አልጋ ላይ ሞቶ የተገኘው፣ ቡታጅራ ያለው ይኸው የግል ሆስፒታል «የዓመቱ ሩኅሩኅ ነርስ» ሊሸልም አዳራሹን ፊኛ በፊኛ ባደረገበት ማለዳ ነው። ርኅራኄ በፊኛ የሚለካ ይመስል! ሐኪሙ ምክንያቱን ለማወቅ አልተቸገረም፤ በግሉኮሱ መስመር ልብ የሚያቆም መድኃኒት ገብቷል፤ ባዶው ብልቃጥ አልጋው ሥር ወድቋል።

ኢንስፔክተር ጠይባ ስትደርስ የሟቹ ልጅ ከማሉ ተረኛዋን ነርስ ሆሳዕናን ግድግዳ አስደግፎ ይጮህባታል።

«ገዳይ! ከእሷ በቀር ማን ነበር? አሁኑኑ ትታሰርልኝ!»

«ልጆች አሉኝ» አለች ሆሳዕና። አንዱ ፖሊስ ካቴናውን አውጥቷል።

ጠይባ ጩኸት አትወድም። «አላህ ይርሐማቸው» አለችና አንሶላውን ገለጠች። የሽማግሌው ግራ አውራ ጣት በሰማያዊ ቀለም ተለውሷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፈርመው ነው» አለ ሌላው ነርስ ሱራፌል፣ ለሽልማቱ ያሰረውን ከረባት እያስተካከለ። «ተሸላሚውን የሚጠቁሙት ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። መጻፍ የማይችል ቅጹ ላይ በጣቱ ይፈርማል። ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔን ጠቆሙ። አስር ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ የተመለስኩት አሁን ነው።»

ጠይባ ከማሉን ወደ ኮሪደሩ ወሰደችው።

«አባትህ ሱራፌልን ይወዱት ነበር?»

«ኧረ! ‹ካልፈረምክ ማስታገሻ አልወጋህም አለኝ፤ ሽልማቱ ላይ በሰው ፊት እናገርበታለሁ› ይል ነበር። እኔ ግን ሽማግሌ ነው፣ ይቀባጥራል ብዬ ዝም አሰኘሁት።»

«ዛሬ ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግደዋል?»

«እንዴት ይቀራል! ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አጥቤ ዉዱእ ያስደረግኩት እኔ ነኝ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አሸሁለት። ከዚያ መስጊድ ሄድኩ፤ ስመለስ ሞቷል።»

ጠይባ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች።

«ከማሉ፣ ጣታቸውን ስታሽ ቀለም ነበረው?»

«የለም። ንጹሕ ነበር።»

«እንግዲያው ጣቱ ቀለም የነካው ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው፣ ሱራፌልን የጠቆሙበት ቅጽ ግን የትናንት ቀን ተጽፎበታል። ሆሳዕና ገድላ ቢሆን ለተፎካካሪዋ ድምፅ አትሰበስብም ነበር። በሕይወት ሳሉ እምቢ ያሉትን ፊርማ ከሬሳቸው የሚፈልግ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሱራፌል፣ ከማሉ መስጊድ ሳለ ተደብቀህ ገብተህ፣ ዛሬ እንዳይናገሩብህ ገደልካቸው። ገድለህ ብትሄድ ኖሮ ላልይዝህ እችል ነበር። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ጣታቸውን ሳታስፈርም መሄድ አቃተህ። ኪስህን አራግፍ!»

ከሱራፌል ኪስ የማኅተም ቀለም የያዘች ትንሽ ሳጥን ወጣች።

«አንድ ድምፅ ነበር የጎደለኝ» አለ፣ የተበደለ እሱ ይመስል።

ካቴናው እሱ እጅ ላይ ገባ። ከማሉ ከጠረጴዛው ባዶ ቅጽ አንስቶ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሆሳዕና ቀረበ።

«እህቴ፣ አፉ በይኝ። አባቴ የሚጠቁመው አንቺን ነበር። እኔ ልፈርምልሽ።»

ሆሳዕና ቅጹን አልተቀበለችውም።

«አባትህ ሲነግሩህ ብትሰማቸው ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበሩ» አለችው።

ጋውኗን አስተካክላ ወደ በሽተኞቿ ተመለሰች። ከማሉ ቅጹን እንደያዘ ከፊኛዎቹ ሥር ተቀምጦ አለቀሰ።