ሰው የሚጠራበት ስም

«ይቺን ደግሞ ምን ብለው ነው የሚጠሯት?» አለች ልጅቷ፣ ጣቶቿን ላፕቶፑ ላይ አዘጋጅታ።

ሽማግሌው ከመደርደሪያው ያወረዱትን ትንሽ የብረት ቀለበት በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው። የሚኒባስ ሾፌሮች ግን ‹ጭጭ በል› ነው የሚሏት። እሷ ስታልቅ መኪናው ይጮኻል፤ አዲስ ሲገባለት ጭጭ ይላል።»

ልጅቷ እየሳቀች ጻፈች፤ ‹ጭጭ በል፣ መደርደሪያ 14፣ ሦስተኛ ረድፍ።›

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሦስቱንም ሳምንት ያሳለፈችው በአባቷ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሽማግሌውን የቀጠሯቸው አያቷ ናቸው፤ ይኸው ከተቀጠሩ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው። የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ «ጋሽ መዝገብ» ይላቸዋል። መጋዘኑ ያለው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነውና። መብራት ቢጠፋ እንኳ ኩሽኔታውን ከኩሽኔታ፣ ቺንጋውን ከቺንጋ በእጃቸው ለይተው ያመጣሉ።

አምና ግን መንገዱ መጨረሻ ላይ ሌላ ሱቅ ተከፈተ። እዚያ ስልክ የደወለ ሰው በደቂቃ ውስጥ «አለ» ወይም «የለም» ይባላል። ዘይት መቀየሪያው ሲደርስም ሱቁ ራሱ መልእክት ይልክለታል። እዚህ ደግሞ ጋሽ መዝገብ መሰላል እስኪወርዱ ይጠበቃል። ጋራዦቹ አንድ በአንድ ሸሹ። በመጨረሻ አባቷ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የዕቃ መቆጣጠሪያ ገዛ። ባለሙያው መጥቶ ሦስት ዓምድ ሠራላቸው፤ ቁጥር፣ ስም፣ መደርደሪያ።

አልሠራም። መካኒኮቹ በራሳቸው ስም ሲጠይቁ፣ ኮምፒውተሩ ዕቃው መደርደሪያው ላይ ተኮፍሶ ተቀምጦ ሳለ «የለም» ይላል። «ይሄ ፋራ ማሽን!» ብላ የተናደደችው ልጅቷ ነበረች። አራተኛውን ዓምድ ያሰበችውም እሷ ናት፤ ‹ሰው የሚጠራበት ስም›። ያንን ሊሞላ የሚችለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ መዝገብ ወጣ ብለው ሳለ ስልክ ጮኸ። «‹ጭጭ በል› አላችሁ?» አለ አንድ መካኒክ። ልጅቷ ጻፈች፤ ወዲያው መጣ። «አለ። ስድስት ፍሬ።» አባቷ ራሱ ሄዶ መደርደሪያ 14 ላይ እጁን ሲሰድ አገኘው።

«ጎበዝ!» ብሎ ግንባሯን ሳማት። «መንገዱ መጨረሻ ያሉት እንኳ ይሄ የላቸውም! ስሙን ከየት ያመጡታል?» ከዚያ ድምፁ ቀዝቀዝ አለ። «እንግዲያው... ያለ ጋሼም ዕቃ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው?»

«ማንም ያገኘዋል!» አለች በኩራት።

አባቷ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። «ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ» አለ። «ሱቁ ሰባት ሰው መሸከም ካቆመ ቆይቷል። እስከ ዛሬ ያቆየኋቸው ያለ እሳቸው አንድ ካንዴላ ማግኘት ስለማንችል ነው። የቀረው አንድ መደርደሪያ ነው አይደል? ጨርሱት። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

አርብ ጠዋት ጋሽ መዝገብ እንደ ወትሮው ቀድመዋት መጥተው የመጨረሻውን መደርደሪያ አቧራ ሲጠርጉ ደረሰች። አንድ ዕቃ ለመጻፍ አሥር ደቂቃ ፈጀባት። ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች። «ኮምፒውተሩ ቆመ» አለች።

«ኮምፒውተሩ ነው ወይስ አንቺ ነሽ የቆምሽው ፀሐፊዬ?»

ቀና ብላ ማየት አቃታት። «ጋሼ፣ ይሄ ሲያልቅ... አባዬ ሊያሰናብትዎት ነው። ቅዳሜ። እኔ ነኝ ያለ እርስዎ ይሆናል ያልኩት። እንደዚያ ማለቱ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር።»

ጋሽ መዝገብ ጨርቁን አራግፈው አጠፉት። «አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ሠላሳ አንድ ዓመት ‹ጋሼ ያምጡ› እንጂ ‹ጋሼ ይንገሩን› ያለኝ የለም። አንቺ ላፕቶፑን ይዘሽ የገባሽ ቀን ገባኝ።»

«ታዲያ ስሞቹን ለምን ነገሩኝ? ዝም ማለት ይችሉ ነበር እኮ!»

«ጠየቅሽኛ» አሉ። ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። «ሥራውስ ይቅር፣ ጉልበቴም ደክሟል። ብቻ ከነገ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ተነሥቼ የት እንደምሄድ ነው ያላወቅሁት።»

ከዚያ ቀጣዩን ዕቃ አወረዱ። «በይ ጻፊ። ይሄ ‹የአማች ጉልበት› ይባላል። ቶሎ አይታጠፍም።»

ሳትስቅ ጻፈች። እስከ መጨረሻው ጻፉ።

ከዚያ ወደ አባቷ ቢሮ ወጣች። «ነግሬያቸዋለሁ» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«ምን ብዬሽ ነበር እኔ!» ከወንበሩ ተነሣ።

«ቀድመው ያውቁ ነበር። እያወቁ ነው ያስጻፉኝ። አባዬ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ...»

«ያላሰብኩት መሰለሽ? ሁሉንም ሞክሬ ነው ያቃተኝ።» ቁጣው የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ። «ብስክሌት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከኋላ ይዘውኝ እየሮጡ።»

«እንግዲያው ቅዳሜን አትጠብቅ። ሠራተኛው ሁሉ ባለበት አትንገራቸው። አሁን ውረድ።»

አባቷ ኮቱን ለብሶ አዝራሩን ቆለፈ፤ እንግዳ የሚቀበል ይመስል። ደረጃውን ቀስ ብሎ ወረደ። የመጋዘኑ በር ተዘጋ።

ልጅቷ ግቢው ውስጥ ቆመች። ከውስጥ የአባቷ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም። ከዚያ የሽማግሌው ሳል። የጓሮው በር ክፍት ነው። በዚያ ብትወጣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቤቷ ትደርሳለች፤ ዓይናቸውንም አታይም። ቦርሳዋን አነሣች። ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ተመልሳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

ጋሽ መዝገብ ሲወጡ ጋዋናቸው፣ የሻይ ብርጭቋቸውና አሮጌ ሬዲዮናቸው በአንድ ፌስታል ውስጥ ነበር። አባቷ አልተከተላቸውም። ልጅቷ ተነሥታ የፌስታሉን አንዱን ጆሮ ያዘች።

«ቤትሽ በዚያ በኩል አይደል?» አሉ።

«ነው» አለች።

ከዚያ በዋናው በር፣ ሱቆቹና መካኒኮቹ እያዩ፣ ወደ እሳቸው ቤት በሚወስደው መንገድ አብራቸው ሄደች።