ደኅናው አንገት

መርማሪዋ ያንን ወሬ የሰማችው ከብዙ ዓመት በፊት፣ እናቷን ልታስታምም ሆስፒታል ኮሪደር ላይ በተቀመጠችበት ጊዜ ነበር። ከተገረበበው በር ኋላ አንድ ሐኪም ለአንዲት ሴት ያስረዳል።

«በአንዱ በኩል ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።»

«ታዲያ እንዴት ቆሞ ይሄዳል?»

«ደሙ ውስጥ ለውስጥ መንገድ አበጅቶ ነዋ! ስለዚህ እናንተ ልትጠብቁለት የሚገባው…»

የቀረውን የሚገፋ አልጋ የጎማ ድምፅ ዋጠው። ሰውየው ይዳን ይሙት አላወቀችም፤ ለማያውቁት ሰው የሚጸለየውን አጭር ጸሎት አድርሳለት ረሳችው።

ያ ግማሽ ወሬ ድንገት የመጣባት ዛሬ፣ አስከሬን ክፍል ውስጥ፣ የአንድ ዋና ልብስ ሰፊ አንገት ጎንበስ ብላ ስታይ ነው። የደንብ ልብስ በመስፋት ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ። በሥራ ላይ እንዳሉ ወደቁ፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ።

«ስትሮክ ነው» አለ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም። «የግራው የአንገት ደም ሥር ጠብቦ ጠብቦ ክር የሚያሾልክ ያህል ነው የቀረው። በዚህ ብቻ ፈርሜ እጨርስ ነበር። ግን ይህን እዪልኝ።»

ከቀኝ መንጋጋቸው በታች ክብ ምልክት አለ፤ ቁልፍ የሚያህል። የግራ እጃቸው ጥፍሮች ተሰባብረዋል። የቀኝ እጃቸው ጥፍሮች ደኅና ናቸው።

«ግራኝ ነበሩ?»

«መሀል ጣታቸውን ተመልከቺ። የመርፌ ጠባሳው ያለው በቀኙ ነው፤ ግራኝ አይደሉም።»

ለብሰውት የነበረው ኮት በከረጢት ተቀምጧል፤ ለማርሽ ባንድ መሪ የተሰፋ፣ ኮሌታው ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ፊት ለፊት በብረት መንጠቆ የሚያያዝ ነው። መርማሪዋ ኮሌታውን በሁለት ጣቷ እየዳበሰች ሄደች። በቀኝ በኩል ጣቷ ቆመ። በውስጥ አንድ ደረቅ ነገር ተሰፍቶበታል።

* * *

የልብስ ስፌቱ ቤትና የሰፊው መኖሪያ በአንድ ስስ ግድግዳ የተለያዩ ናቸው። መሞታቸው ከተሰማ ጀምሮ የጣቢያው ፖሊሶች የሟቹን ልጅ ይዘው ለመሄድ ቸኩለዋል፤ ኮሌታ የምትሰፋው እሷ ናትና። መርማሪዋ «እስከ ማታ ታገሡኝ» ብላ ነው ያስቆመቻቸው።

የሟቹ ሚስት ለልጅቷ እንጀራ እናት ናቸው። ጥቁር ነጠላቸውን እያጠበቁ እንዲህ አሉ፦ «ገዳይ ፍለጋ ሩቅ አይሂዱ። ኮሌታው የማን እጅ ነው? የእሷ። እኔማ የማደርገውን ሳጣ ነበር የኖርኩት። ግራው ነው የታመመው ስላሉኝ በግራ ጎኑ እንኳ አላስተኛውም። በግራ በኩል ትከሻውን ሰው ሲነካው እጣላ ነበር።»

«በቀኝስ?»

«ቀኙማ ደኅና ነው! ደኅናውን ምን ልጠብቀው?»

ልጅቷ ከስፌት መኪናዋ ፊት አልተነሣችም። ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ግን ከልማድ የተነሣ ቁርጥራጭ ክር ይለቅማል።

«አባትሽ ይህን ኮት ለምን ለበሱት፣ ልጄ?»

«ትእዛዝ ሲመጣ በእሱ ልክ የሚሆነውን አንዱን አስቀድመን እንሰፋለን። ለብሶት፣ መንጠቆውን ቆልፎ፣ አጎንብሶ ሲሠራ ይውላል። ‹አንገቴን ያላሳለፈውን ለሰው አንገት አልሰጥም› ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ‹ዛሬ ደግሞ ጄኔራል ሆነዋል› እያሉ ይቀልዱበት ነበር።»

«ኮሌታው አላጠረብሽም?»

«አጥሮብኛል። አጎቴን ጠየቅሁት። ‹ሸራው አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሲለበስ ይለቃል፤ ዝም ብለሽ ስፊ› አለኝ።»

«ሸራው የቱ ነው?»

«ማጠንከሪያው። አጎቴ ሁለቱን ሸራ ደራርቦ፣ ሰፍቶ ይሰጠኛል። እኔ ጨርቁን ነው የማለብሰው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እባክሽ እዚህ ቀስ ብለን እናውራ። እማማ ከግድግዳው ወዲያ ናት። የአባቴ እናት። ሆስፒታል ተኝቷል ብለናታል።»

አጎትየው የሟቹ ታናሽ ወንድምና የቤቱ ቆራጭ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ወንበር በእጁ ጠርጎ አቀረበ።

«ይቀመጡ። ጠረጠሩኝ እንዴ? እኔ ጨርቅ እንጂ ሰው አልቆርጥም።» ሊስቅ ሞከረ። «ወንድሜ ኩሩ ነበር። ቢያንቀውም ‹ጠበበኝ› አይልም። ልጅቷ ደግሞ እጇ ይከብዳል፤ አጥብቃ ሰፍታዋለች። ክፋት አይደለም፤ ልጅነት ነው።»

«ሐኪም ዘንድ አብሯቸው የሄደው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ግራው ጠቧል፣ በቀዶ ጥገና ይከፈታል አሉን። ለቤቱ ሰው ነገርኩ።»

«ሌላስ አላሏችሁም?»

«ሌላ ምን አለ?»

መርማሪዋ ደጅ ወጥታ ሟቹን ሲያክም ለነበረው ሐኪም ደወለች። ሐኪሙ ሰፊውን በስም ሳይሆን በአንገታቸው ሥዕል አስታወሳቸው።

«አንድ ዋና መንገድ ሲዘጋ መኪናው ውስጥ ለውስጥ ይዞራል አይደል? የእሳቸውም ደም እንደዚያ ነው። የግራው አንጎላቸው የሚኖረው ከቀኝ በኩል በሚሻገር ደም ነበር። መተላለፊያው የሰፋለት ሰው አንዱ ቢዘጋበትም ምንም ሳይሆን ይኖራል። የእሳቸው ግን ቀጭን ነው፤ ግፊታቸው ትንሽ ከወረደ አይበቃም። ለዚህ ነው ለቀዶ ጥገና ያጣደፍኳቸው።»

«ልትጠብቁለት የሚገባው…» አለች ሳታውቀው።

«ደኅናውን ነዋ! ቀኝ አንገታቸውን ምንም ነገር እንዳይጫነው። እዚያ ቦታ ላይ ጫን ካሉት ልብ ራሱ ይዘገያል፤ ግፊት ይወርዳል። ይህን ለወንድማቸው ሥዕሉን እያሳየሁ አስረድቻለሁ። ሕመምተኛው ራሳቸው ግን ኮት ሊሰፉልኝ ልኬን እየወሰዱ አልሰሙኝም። ‹ለቤተሰቡ ሁሉ ንገር› ብዬ ነው የሸኘሁት።»

* * *

አመሻሽ ላይ መርማሪዋ ሦስቱንም በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ አቆመቻቸው። ኮቱን መሀል ላይ ዘረጋችው።

«ይዘዋት ይሂዱና እንረፍ!» አሉ ሚስትየው።

«አንድ ጊዜ ይስሙኝ፣ እትዬ። ኮሌታው ያጠረው በስፌት ቢሆን ኖሮ ከስፌቱ ውጪ የሚቀረው ትርፍ ጨርቅ ሰፊ በሆነ ነበር። ይኸው፣ ይለኩት። ትርፉ እንደ ሌሎቹ ኮቶች ልክ ነው። ስለዚህ ኮሌታው ሲሰፋ አልጠበበም። ሲቆረጥ ነው ያጠረው።»

ሚስትየው እጃቸውን ሰደዱ፤ ለኩት።

«መቀስ አንዳንዴ ይስታል» አለ ቆራጩ። «ስለ ሳተ መቀስ ሰው ይታሰራል?»

«መቀስ ቁልፍ አይሰፋም።» መርማሪዋ ኮሌታውን በምላጭ ተረተረችው። ከሁለቱ ሸራዎች መሀል አንድ ወፍራም የእንጨት ቁልፍ ወጣ። «ልጅቷ ጨርቅ ስታለብስ ይህ ቀድሞ ውስጥ ነበር። ሸራውን ደራርቦ የሚሰፋው ማን ነው?»

ሚስትየው ወደ ቆራጩ ዞሩ።

«እሺ፣ እሱንም ልተወው። ቁልፉ ለምን በቀኝ ሆነ? እትዬ፣ እርስዎ ክፉ ቢያስቡ የቱን ጎን ይጫኑ ነበር?»

«ግራውን… የታመመውን።»

«አንቺስ፣ ልጄ?»

«እኔም ግራውን» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ሁላችንም ብንሆን ግራውን ነበር። ደኅናውን የሚጫን፣ ሁለቱም ወገን የሚኖረው በደኅናው እንደሆነ የተነገረው ሰው ብቻ ነው። መንጠቆው ተቆለፈ፤ ሟቹ አጎነበሱ፤ ቁልፉ ቀኝ አንገታቸውን ገፋው። ግፊታቸው ሲወርድ ወደ ግራ አንጎል የሚሻገረው ደም ቀረ። ግራ አንጎል ደግሞ የሚያዘው ቀኝ እጅን ነው። መንጠቆውን የሚፈታው እጃቸው ቀድሞ ሞተ። በግራቸው ታገሉ፤ ጥፍራቸው እስኪሰበር። ያልለመደ እጅ አልፈታላቸውም።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

ቆራጩ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ጠቀለለው፤ ፈታው፤ እንደገና ጠቀለለው።

«የቆረጥኩትን ሁሉ ሰው ፊት ይተረትርብኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ደንበኛ ቆሞ እያየ። ‹ይህ ወንድሜ ዓይኑ ከጨርቁ ላይ አያርፍም› እያለ ያስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ሳቅሁ። የቀዶ ጥገናው ቀን ሲቆረጥ ደግሞ ትልቁን መቀስ ለእሷ አስረከበ። ‹ከዚህ ትእዛዝ በኋላ አንተ ገበር ታለብሳለህ› አለኝ። በሽበቴ!»

«ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር» አለች ልጅቷ።

«ምኑን?»

«መቀሱን። መቼ ፈለግሁትና? ክብደቱ ክንዴን ይቆረጥመዋል። አንድ ቀን እንኳ ‹ስጪኝ› ብትለኝ ምናለ፣ አጎቴ?»

ከሰማው ሁሉ ይኸኛው አንገቱን አስደፋው።

ያኔ ግድግዳው ተንኳኳ። ቀጭን፣ ያረጀ ድምፅ «ማነው እዚያ? ትልቁ መጣ እንዴ?» አለ።

ሚስትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «እኔ አልችልም፤ ደርቄ ነው የምቀረው» ብለው አንሾካሾኩ። ልጅቷም ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«እኔም አልነግራትም። እስከ ዛሬ ሰው ያበላሸውን እየተረተርኩ እኔ አቃናሁ። ይህን አላቃናም» አለች።

«ልጆቼ? ለምን ዝም አላችሁ?»

መርማሪዋ ካቴናውን ከኪሷ አውጥታ ነበር፤ መልሳ ከተተችው። «አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች ቆራጩን። «ማዘዝ አልችልም። እናትዎ ይህን ከጎረቤት ከሚሰሙት…»

ቆራጩ በሩን ዐየ። ከዚያ ልጅቷን።

«ሆስፒታል እንዳረፈ ብቻ ብነግራትስ?»

«የእሱን ብቻ ነው የምትነግራት?» አለች ልጅቷ።

ቆራጩ የተጠቀለለውን ሜትር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ሸሚዙን አስተካከለ፤ ወደ ውስጠኛው በር ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ።

«እሺ» አለ። «የሁለታችንንም እነግራታለሁ።»