ስሙን የሸጠው ሰው ካፖርት

ሌአንድር ቮረል ፓሪስ ውስጥ ራሱ ባቋቋመው ልብስ ቤት ደረጃ ሥር ሞቶ በጀርባው ተዘርግቷል። ጥቁሩ ካፖርት እስከ አንገቱ ተቆልፎለታል። ከጓሮ የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ይመጣል። ከፖሊስ ቀድሞ የደረሰ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ካሜራውን እየሰበሰበ ነው።

«ተንሸራቶ ነው፤» አለ ሥራ አስኪያጁ ዴልማስ። «በሚወደው ካፖርት እንዳማረበት ሄደ።»

መርማሪ ዜሊ ፌሬኦል ኮሌታውን ገለጥ አደረገች። በወርቅ ክር «ቮረል» ተብሎ ተጠልፏል። የሟቹን ሚስት ወደ ጎን ጠራቻት።

«ማዳም ሶላንዥ፣ ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ። ዴልማስ ካልተንሸራተተ ገፍታ ጥላው ይሆናል ባይ ናቸው።»

«መጣላቱን ተጣልተናል። ልብስ ቤቱን ከነስሙ ለዴልማስ አሠሪዎች ከሸጠ ወዲህ ስሙ ያለበትን ልብስ አይለብስም። ምልክቱን የምተረትርለት እኔ ነኝ። ትናንት ዓይኔ ደከመ፣ በቃኝ አልኩት።»

የሟቹ የወንድም ልጅ ባዚል በሩ ላይ ያጨሳል።

«ካፖርቱን ያውቁታል?»

«የሰፋሁት እኔ! ነገ ለትርኢት የሚወጣ ነው። ዴልማስ ቆልፎበት ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ እኔንም እንደ ሌባ ነው የሚያየኝ።»

«ይህ ሽታስ?»

«ያልተሸጠ ቦርሳ ነው። ረክሶ ከሚሸጥ ይቃጠል ብሎ፣ ዴልማስ ራሱ ያነደዋል። አጎቴ ሲሰማ አስመለሰው። ይህን ጉድ ነገ በእንግዶቹ ፊት አወጣዋለሁ ብሎ ነበር።»

ዜሊ ሦስቱንም ሬሳው ዘንድ ሰበሰበች።

«ከደረጃ የወደቀ ሰው ልብሱ ይጎሳቆላል። ይህ ካፖርት ግን አቧራ አልነካውም። እንግዲህ ያለበሷቸው ከሞቱ በኋላ ነው።» አዝራሮቹን ፈታች። በነጩ ሸሚዝ ደረት ላይ የሁለት መዳፍ ጥላሸት ታትሟል። «የተሸፈነው ይህ ነው። እሳቱ ዘንድ የነበረ ሰው ገፍቷቸዋል።»

«ማንም ሊሆን ይችላል!» አለ ዴልማስ።

«ማዳም ቢሆኑ ምልክቱን ሳይተረትሩ አያለብሷቸውም። ባዚል ቁልፍ የላቸውም። እርስዎ ቁልፉም አለዎት፤ ያንን ስም የሚጠየፍ ሰው ይኖራል ብለውም አላሰቡም። ደግሞስ ከፖሊስ በፊት ፎቶ አንሺ የጠሩት ለምንድን ነው?»

«ታዲያ በዚያ ቆሻሻ ሸሚዝ ጋዜጣ ላይ ይውጣ? ካፖርቱ እኮ ነገ በእጥፍ ይሸጥ ነበር!»

ያለውን የሰማው ከተናገረ በኋላ ነው። ባዚል ምራቁን ዴልማስ እግር ሥር ተፋ።

ዴልማስን ሲወስዱት ሶላንዥ ከቦርሳዋ ትንሽ መቀስ አውጥታ ተንበረከከች።

«ማስረጃ ነው፣ ማዳም፤» አለች ዜሊ።

«አውቃለሁ። ግን ይህን ስም ለብሶ አይቀበርም።»

ዜሊ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከኋላዋ ክር ሲበጠስ ይሰማል፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ።