ከረግረጉ የወጣው ቅቤ

ውሸት መፍጠር ብፈልግ ኖሮ ከዚህ ያማረ እፈጥር ነበር።

ይሄ አያምርም። ይሸታል። ግን በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሰኔ 28 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። ቦታው አየርላንድ፣ ካቫን የሚባል ገጠር።

ምሽት ስላችሁ ጨለማ እንዳይመስላችሁ። ፀሐይ ፍጥጥ ብላ ነበር። እዚያ አገር በዚያ ሰሞን ፀሐይ ግቢ ቢሏት አትገባም።

ኡርጂ እባላለሁ፣ የሱሉልታ ልጅ ነኝ። የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። አክስቴን እጇን ይዤ ልመልስ ነው።

አዳዳ ብርሃነሽ የአባቴ እህት ናት። ፊንታን የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር አግብታ እዚያ ሰባት ዓመት ኖራለች። አያቴ የተዉት መሬት በእሷና በሟቹ አባቴ ስም ነው።

ያን ጊዜ እኛ ጋ እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ ሜትር ይዘው የሚመጡት ሰዎች ግን አልቀሩም። መንገዱ ዛሬ በድንጋይ ይዘጋል፣ ነገ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ልጆች ይታፈሳሉ...

በዚህ መሃል መሬት ቢሮ እናቴን ጠርቶ፣ "ብርሃነሽ እስከ ሐምሌ አምስት ራሷ ቀርባ ካልፈረመች፣ መሬቱ ባለቤት የለውም" አላት።

አዳዳ በስልክ እሺ ትላለች፣ ከዚያ ግርግሩን ትፈራና ትቀራለች። ለዚህ ነው እኔ የተላክሁት። የመመለሻችን ትኬት ለአርብ ተቆርጧል።

እናቴ ቅቤ ነጋዴ ናት። "ለአዳዳሽ ራስ" ብላ ሁለት ኪሎ ለጋ ቅቤ ሰጥታኝ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንድ ጓንት ያጠለቀ ሰውዬ አሸተተና ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ዓይን ዓይኔን እያየ!

አዳዳ ስትሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

"ሰባት ዓመት ሙሉ ራሴ ደርቋል፣ ኡርጂዬ።"

ፊንታን ሊያጽናናን ብሎ አገሩን ሊያስጎበኘን ይዞን ወጣ። ኦቦ ፊንታን ነው የምለው፣ ደስ ይለዋል።

ካቫን ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ሐይቅ አለው ይባላል፤ ለየቀኑ አንድ። "ጳጉሜንም ቆጥራችኋታላ" አልኩት። አዳዳ ተረጎመችለት። አልገባውም።

በጀልባ ሐይቅ መሃል ያለ የፈረሰ ግንብ ወሰደን። ድንጋይና የወፍ ኩስ። ደግሞ ጨርቅ በጨርቅ የሆነ ዛፍና ከሥሩ ጠበል አሳየን፤ ጠበሉ ላይ አረንጓዴ ልጋግ ይንሳፈፋል። ሐይቁ ዳር አንድ ሽማግሌ እባብ የመሰለ ዓሣ ቆዳውን እንደ ካልሲ ያወልቃል። ዓሣው ያለ ቆዳው ይላወሳል።

"ቅመሺ" አለኝ በእጁ።

ወደ ኋላ ሸሸሁ። "አዳዳ፣ ሰው ይሄን ሊያይ ነው ትኬት የሚቆርጠው?"

"አፍሽን ሰብስቢ አንቺ!" አለች እየሳቀች።

መጨረሻ ላይ የቤተሰቡ ረግረግ ሄድን። ጥቁሩን ጭቃ እንደ ጡብ ይቆርጡና አድርቀው ያነዱታል። የእኛ ኩበት ነው በቃ፤ ላሟ ብቻ ናት የጎደለችው።

ፊንታን እንዴት እንደሚቆረጥ ሊያሳየን አካፋውን ሰደደው...

ድው አለ።

ከግንድ የተፈለፈለ ዕቃ ነበር፣ ክዳኑ የተጣበቀ። ሲከፍተው አንድ ሽታ ወጣ። የረጠበ በግ፣ የከረመ አይብ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር... ስሙን የማላውቀው።

"ቅቤ!" አለች አዳዳ።

"አዎ" አለ ፊንታን። "ሺህ ዓመት ሊሆነው ይችላል። ድሮ ሰዎች ይቀብሩት ነበር። ለምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። እንዳትነኩት፣ ለሙዚየም ልደውል።"

ኔትወርክ ፍለጋ ወደ መንገዱ ወጣ።

ቅቤው ላይ የጣቶች ዱካ ነበረበት። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የዛቀ ሰው ዱካ አይደለም። ከታች ወደ ላይ የተጫረ ነው... ከውስጥ።

አዳዳ ሻሿን ፈታች።

"ተይው" አልኩ በሹክሹክታ።

"ትንሽ ብቻ።"

"የሬሳ ሽታ አለው እኮ!"

"በሳል ቅቤ ሁሉ እንዲህ ነው። የቅቤ ነጋዴ ልጅ ሆነሽ..."

አንድ እፍኝ ሙሉ ዝቃ መሃል አናቷ ላይ አደረገችው። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ጣቶቿን ላሰች። አንድ በአንድ።

"አዳዳ! ጾም ነው እኮ!"

የሐዋርያት ጾም ነበር። አዳዳ ሰው አገር ሆና እንኳ አንድ ጾም ገድፋ አታውቅም።

ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ማን ነው የሚጾመው?" አለችኝ።

ረቡዕ ጠዋት የሙዚየም ሰዎች መጥተው ዕቃውን ወሰዱ። በቃ አለቀ ብዬ ነበር...

ቅቤ ራስ ላይ ሲሆን ይቀልጣል። አይደል? የአዳዳ አልቀለጠም። ስነካው በረዶ ነው። መስኮቱ ላይ ዝንብ ይርመሰመሳል፤ እሷ ጋ ግን አንድም አይደርስም። ትራሷ በቡናማ ውሃ ርሷል።

ላጥባት ሹሩባዋን ፈታሁ። በሙቅ ውሃና በሳሙና አንዴ አጠብኩ። ሁለቴ። ሦስቴ። እፍኝ ሙሉ አወጣለሁ፣ ከሥሩ ሌላ አለ።

የተቀባ አይደለም... ከቆዳዋ ነው የሚወጣው። ከእያንዳንዷ ፀጉር ሥር ቀጭን ነጭ ክር እንደ ትል ብቅ ይላል።

እዚያው የእጅ መታጠቢያው ላይ አስመለስኩ።

ፊንታን "ሐኪም ቤት" ሲል፣ አዳዳ "አርብ በራሪ ነኝ" አለችው። ሻንጣዋን ከእኔ ቀድማ ዘግታለች። እዚያ ግርግር አለ ብላ ስትሸሽ የከረመችው ሴትዮ!

"መሬቴ እየጠበቀኝ ነው" አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን በፊት "መሬታችን" ነበር የምትለው።

በአውሮፕላኑ ላይ ከፊታችን የተቀመጡት አፍንጫቸውን ይዘው ቦታ ቀየሩ። ሱሉልታ ስንደርስ እናቴ እየጮኸች አቀፈቻት... ወዲያው ለቀቀቻት። እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ጎተተችኝ። ሃያ ዓመት ቅቤ ስትሸጥ የኖረች ሴት፣ እጇን አሽትታ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ኡርጂ... ይሄ የላም አይደለም።"

"ታዲያ የምንድን ነው?"

"አትጠይቂኝ።"

ሰኞ ሐምሌ አራት፣ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ሦስታችን መሬት ቢሮ ገባን። አንድ ቀን ነበር የቀረን። መነጽር ያደረገ ሰውዬ ፋይላችንን ገለጠ። ከጎኑ ሁለት ጸሐፊዎች ተቀምጠዋል።

"አንቺ ነሽ ብርሃነሽ? መጣሽ በስንት መከራ! አሻራ አድርጊ።"

አዳዳ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ተጫነች። ቀለሙ አልያዛትም። ወረቀቱ ላይ የቀረው ቅባት ብቻ ነው።

"ጥረጊውና ድገሚ!"

ጠረገችው። ደገመችው። ያው ቅባት። ሰውዬው ጣቷን ያዝ አድርጎ አየው። እኔም አየሁት። እንደ ሻማ ልሙጥ ነው፤ አንድ መስመር የለበትም።

"አሻራ የሌለው ሰው እንዴት አድርጌ ነው የምመዘግበው? አንቺ መሆንሽን በምን ልመን?"

እናቴ ግድግዳውን ተደገፈች። አለቀ፣ መሬቱ ሄደ አልኩ በልቤ።

ቅባቱ ወረቀቱ ላይ እየሰፋ የአያቴ ስም ላይ ደረሰ። "ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው!" ብሎ በጣቱ ጠረገው። ከዚያ ገጹን ሊገልጥ፣ እንደ ልማዱ፣ ያንኑ ጣቱን ምላሱ ላይ አስነካው...

ቆመ።

ደግሞ ላሰው።

ሌላውን ጣቱን ላሰ።

"ከየት ነው?" አለ ቀስ ብሎ።

አዳዳ ሻሿን ፈታች።

ሰውዬው ዓይኑን ከአናቷ ሳይነቅል ማህተሙን አነሳ። ሦስት ጊዜ መታው፣ የት እንደመታው ሳያይ። ወረቀቱን ለእናቴ ዘረጋላት። በቅባት ርሶ ወዲያ ማዶ ያሳያል፤ ማህተሙ ግን አለ።

መሬቱ ተረፈ።

"እናንተ ሂዱ" አለች አዳዳ። "እኔ እመጣለሁ።"

እናቴን ክንዷን ይዤ እየሮጥኩ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ለቀቅኳትና ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ባላይ ይሻለኝ ነበር... ግን በመስኮቱ አየሁ።

አዳዳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ጎንበስ ብላ። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ፊቱን ፀጉሯ ውስጥ ቀብሮታል። ሁለቱ ጸሐፊዎች ከኋላው ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

"እማ፣ እንሂድ" ብዬ ዞርኩ።

እናቴ ከጎኔ የለችም።

ተመልሼ በመስኮቱ አየሁ... ከሰልፉ መጨረሻ ቆማለች። ማህተም ያረፈበትን ወረቀት ብብቷ ሥር ይዛለች። የሌላውን እጇን አራት ጣት እስከ ሥሩ አፏ ውስጥ ከታ ትጠባለች።